እንብላ የማይባልበት ቤት

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ተረት የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይፈልግ። እኔ ታሪኩን የሰማሁት ከቄስ ክንፈ ባለቤት ከእማሆይ ብዙዬ አፍ ነው። እማሆይ ብዙዬ በሐሰት የሚምሉ ሴት አልነበሩም። እንዲያውም ጭራሽ አይምሉም ነበር።

ጊዜው ግንቦት 1966 ዓ.ም. ነው።

ሰዓቱ ቀትር... ስድስት ሰዓት።

ቦታው መካነ ሰላም፣ አሮጌው ገበያ፣ የአልታዬ ምግብ ቤት።

ክፉ ነገር የሚመጣው በጨለማ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ያንብብ። ያን ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

ቄስ ክንፈ በወግዲ መንገድ፣ ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን ቁልቁለት ተወርዶ በሚደረስበት መንደር የሚያገለግሉ ሰው ነበሩ። ገበሬም ቄስም ናቸው። ያን ዓመት ግን እርሻው ደርቆ ሥራቸው አንድ ብቻ ሆኖ ነበር።

መቅበር።

መጀመሪያ ላይ ለሞተው ሁሉ ሙሉ ፍትሐት ያደርሱ ነበር። ቆይተው አሳጠሩት። ቆይቶ ደግሞ ጉድጓድ የሚቆፍር ጉልበት ያለው ሰው ጠፋ።

መጀመሪያ ላይ ያለቅሱም ነበር። ኋላ እሱም ቀረ።

«እንባዬ ነጠፈ» አሏት አንድ ቀን ለሚስታቸው። ስለ ላም ወተት እንደሚያወራ ሰው ነው ያሉት።

ብዙዬ ያኔ ገና ወጣት ናት። እማሆይ የተባሉት ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ «አንቺ» ብላቸው እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

እቤታቸው የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ነበረች። ባፈና። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።

ያን ዕለት ጎህ ሳይቀድ ቄስ ክንፈ በቅሏቸውን ሊሸጡ ሲወጡ ብዙዬ እስከ ደጅ ሸኘቻቸው።

«ቶሎ ይመለሱ» አለች። «እስኪመጡ አስለቅሳታለሁ።»

አትደንግጡ። በዚያ መንደር ያን ዓመት እናቶች ልጃቸውን እየቆነጠጡ ያስለቅሱ ነበር። የሚያለቅስ ልጅ አለ ማለት ነው። ዝም ብሎ የተኛ ልጅ ግን...

ቄስ ክንፈ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

በቅሎዋ ተሸጠች። በስንት እንደተሸጠች አልነግራችሁም፣ ያሳፍራል። በገንዘቡ አንድ ስልቻ ገብስ ገዙ።

እህል ነጋዴው አድማሴ ስልቻውን ሊያሸክማቸው ብድግ ሲያደርገው ጉልበታቸው ከዳቸው።

«አባ፣ እርስዎ እህል ከቀመሱ ቆይተዋል።»

«ልጅቷ ሳትቀምስ እኔ...»

«ከነስልቻው ገደል ቢገቡ ልጅቷ ምን ልትቀምስ ነው? አልታዬ ቤት ገብተው ትንሽ ይቅመሱ። እህሉን እኔ እጠብቃለሁ፣ አብሽሩ።»

አድማሴ እውነቱን ነው።

ልጃቸው ሳትበላ ሊበሉ ሲሄዱ ሊያፍሩ ይገባ ነበር። አላፈሩም። ደስም አላላቸው። ምንም አልተሰማቸውም... እግራቸው ብቻ ይራመዳል።

አሮጌው ገበያ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ የኖረበት ሰፈር ነው። ቤቶቹ ሳንቃ በር አላቸው፣ ፊት ለፊታቸው በረንዳ አለ። ያን ዕለት ግማሹ ዝግ ነበር። በየበረንዳው ከገጠር የወጣ ሰው ተኝቷል። ከተኙት ማን እንደሚነሣ፣ ማን እንደማይነሣ የሚጠይቅ የለም።

የአልታዬ በር ላይ የአቡጀዲ መጋረጃ ተሰቅሏል።

ገልጠው ገቡ።

ቤቱ ሙሉ ነው። ነጋዴ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ የመኪና ሰው አለ። ረኃብ ገንዘብ ያለውን ሰው ቤት አያውቅም።

ግን አንድ ነገር ጎደለ።

ማንም እንብላ አላላቸውም።

እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አገር እየበሉ ሰው ከመጣ እንብላ ይባላል። ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ጠላትም ቢሆን ይባላል። ያን ለማለት ማሰብ እንኳ አያስፈልግም፣ አፍ ራሱ ይለዋል።

እዚያ ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ሰው እየበላ አንድ አፍ አልተነቃነቀም። ቀና ያለም የለም።

ቄስ ክንፈ ቆመው ተመለከቱ።

አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ግድግዳ ዞረዋል። ሰዎቹ ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አንገታቸውን ቀብረው ነው የሚበሉት።

ወደ በሩ የዞረ አንድ መቀመጫ ብቻ አለ። ቤቱ እንደዚያ ሞልቶ... እሱ ባዶ ነው።

እዚያ ተቀመጡ።

ባለቤቲቱ አልታዬ ደንገጥ ብላ መጣች። ወፈር ያለች፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ያሰረች ሴት ናት። ጎንበስ ብላ ሹክ አለቻቸው።

«አባ፣ እዚያ ጋ ጠጋ ጠጋ ላስደርግልዎ።»

«እዚህ ይበቃኛል።»

«እንግዲያ ፊትዎን ወደ ግድግዳ ያዙሩ።»

«ለምን?»

«በሩ ላይ ሰው ቢቆም እንዳያዩት። ቢያዩትም... ዝም ይበሉ። እንብላ እንዳይሉ። በመድኃኔ ዓለም።»

ቄስ ክንፈ ቀና ብለው አዩዋት።

ነገሩ የገባቸው መሰላቸው። የከተማ ሰው የተራበ እንዳያይ ፊቱን አዙሮ ይበላል፣ መጋረጃም ይሰቅላል። በሌላ ዓመት ቢሆን ተቆጥተው ይወጡ ነበር። ያን ዓመት ግን ለቁጣም አቅም አልነበራቸውም።

«ያለውን አምጭልኝ» አሉ።

ፈንታዬ የምትባለዋ አስተናጋጅ እጃቸውን አስታጠበቻቸው። የገብስ እንጀራ በሽሮ በትሪ መጣ። ባረኩት።

ጥግ ላይ ሬዲዮ ያወራል። አዲስ ካቢኔ፣ ወታደር፣ ለውጥ... እንዲህ እንዲህ ይላል። አልታዬ በሩን አየች፣ ፀሐዩን አየች፣ ከዚያ ሄዳ ሬዲዮኑን ዘጋችው።

ስድስት ሰዓት ሆነ።

ወዲያው ቤቱ ጸጥ አለ። የሚያኝክ ሰው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ቆይቶ እሱም ቆመ።

ትሪው ላይ ሲርመሰመሱ የነበሩት ዝንቦች አንድ ላይ ብድግ አሉ። ሄደው የጀርባው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ።

ቄስ ክንፈ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፋቸው ሲያደርሱ...

በሩ ላይ ሰው ቆሟል።

መጋረጃው አልተገለጠም። ሰውየው ግን ከመጋረጃው ወዲህ ነው።

ረጅም ነው። ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ ጥፍር አቧራ ለብሷል። አሮጌ ጋቢውን ደረቱ ላይ ሰብስቦ ይዟል። ትሪውን እያየ ዝም ብሎ ቆመ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

«እንብላ» አሉ ቄስ ክንፈ።

ማንም አልዞረም። ግን ቤቱ ውስጥ ያሉት ጀርባዎች ሁሉ ሲኮማተሩ አዩ። አልታዬ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

ሰውየው አንዴ እንኳ እምቢ አላለም። የጨዋ ልጅ አንዴ እምቢ ይላል፣ ራቡ ቢገድለውም ይግደርደራል። እሱ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። «የሚለኝ ሰው አጥቼ ነበር።»

«ውሃ አምጭ» አሉ ቄሱ።

ፈንታዬ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ራሳቸው ተነሥተው ማስታጠቢያውን አመጡና አፈሰሱለት። ውሃው እጁ ላይ ወረደ... አቧራው ግን እንዳለ ነው። አልረጠበም። ደጋግመው አፈሰሱ። ማስታጠቢያው ባዶ ሆነ፣ እጁ ደረቅ ነው።

ቢፈሩ ጥሩ ነበር። እንደሚፈሩ ጠበቁ። ፍርሃቱ አልመጣም። ያን ዓመት ብዙ ነገር አይተዋል፣ ይህ ደግሞ አንዱ ነው።

ተቀመጡ፣ መብላት ጀመሩ።

ሰውየው ይቆርሳል፣ ሽሮ ያጠቅሳል፣ አሳምሮ ይጠቀልላል። አፉ ጋ ግን አያደርሰውም። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ጉያው ውስጥ ይከተዋል።

አንድ ሲል፣ ሌላ ሲል...

«ለልጅ ነው» አለ። «አይክፋዎት።»

«ምን ይከፋኛል።»

«እርስዎስ ልጅ አለዎት?»

«አንዲት። አምስት ዓመቷ ነው።»

«ማን ትባላለች?»

«ባፈና።»

ሰውየው እጁን ትሪው ላይ አቆመ።

«የኔም እሷን ታህል ነበር» አለ። «የት አስቀምጫት እንደመጣሁ ጠፋኝ። እፈልጋለሁ፣ እፈልጋለሁ... ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። የእርስዎ ቤት በየት በኩል ነው?»

የአገር ቤት ሰው ቤቱን ሲጠየቅ አይደብቅም። የጠየቀ መጥቶ ያድር ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ቄስ ክንፈ ነገሩት። ከቁልቁለቱ በታች፣ ሾላዋን አልፎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ፣ ደጁ ላይ ግንድ የተጋደመበት።

«ግንድ የተጋደመበት» አለ ሰውየው። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ። «እንግዲያ ልድረስላት።»

ተነሣ።

ቄስ ክንፈ ትሪውን ዝቅ ብለው አይተው ቀና ሲሉ የለም። መጋረጃው አልተነቃነቀም።

ትሪው በሰውየው በኩል እስከ ቆርቆሮው ድረስ ተጠርጓል። ነካ አደረጉት። ሽሮው ገና ይተናል፣ ቆርቆሮው ግን በዚያ በኩል እንደ ክረምት ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ዝንቦቹ ተመለሱ።

አልታዬ መጥታ አጠገባቸው ዘጭ አለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«በሚያዝያ ነው አባ። እዚህ በር ላይ ቆመ። ልጅ ታቅፏል። ቤቱ እንዲህ ሙሉ ነው። እኔ እነሱ ይበሉት ብዬ ዝም አልኩ። እነሱም እሷ ትበለው ብለው ዝም አሉ። ሁላችንም... ዝም አልን።»

«ከዚያስ?»

«ቆሞ ቆሞ፣ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠ። በኋላ ስንነካው...»

ሻሿን አፏ ላይ መለሰችው።

«ልጅቷስ?»

«እሷማ ቀድማው ሞታ ነበር። አላወቀም። የሞተች ልጅ ታቅፎ ነው እህል የሚለምንላት።»

ጥግ ካሉት ጀርባዎች አንዱ «በቃሽ አልታዬ» አለ። አልዞረም።

አልታዬ አልሰማችውም። የቄሱን እጅ ያዘች።

«ልጅ አለኝ አሉት?»

«አዎ።»

«ስሟን ነገሩት?»

«ነገርኩት።»

«ቤትዎንስ?»

ቄሱ ትሪውን ገፍተው ወደ በሩ ዞሩ።

«ይሩጡ» አለች አልታዬ።

ተነሡ። አድማሴ ደጅ ሄደው ስልቻውን ተሸከሙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ስልቻውን ጥለው ቢሮጡ ይደርሱ ይሆናል፣ ግን ባዶ እጃቸውን ነው የሚደርሱት። ስልቻውን ይዘው ከሄዱ ደግሞ ይዘገያሉ። ባፈና ያለ እህል ሌሊቱን እንደማትዘልቅ ያውቃሉ።

አልጣሉትም። ማን ይጥላል?

ቁልቁለቱን ግማሽ ሩጫ፣ ግማሽ መንደርደር ወረዱት። ላብ እንኳ አልወጣቸውም። በአፋቸው ዳዊት እየደገሙ ነበር፣ ቃሉ ግን ልባቸው ጋ አይደርስም።

ሾላዋ ጋ ከመድረሳቸው በፊት መንገዱ ላይ አንድ ነገር አዩ።

ጉርሻ ነው። በሽሮ የተጠቀለለ እንጀራ፣ አፈር ላይ ወድቋል።

ዝቅ ብሎ ሌላ።

ዝቅ ብሎ ሌላ... ጉያው ከሞላ ሰው ላይ እየተንጠባጠበ የሄደ ይመስላል።

መንገዱ ዳር ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ተቀምጠዋል። ከአጥንት በቀር የቀራቸው የለም። ጉርሻው ከእግራቸው ሥር ነው። ማንም አላነሣውም። ጉንዳን እንኳ አልነካውም።

«ሰው በዚህ አልፏል?» አሉ ቄስ ክንፈ።

«ኧረ በረቢ አባ፣ ማንም አላለፈም» አለች ሴትዮዋ። ዓይኗ ጉርሻው ላይ አርፎ ነበር። አላየችውም።

ሮጡ።

ቤታቸው ሲታያቸው ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ቆመው ጆሯቸውን ጣሉ።

የሚያለቅስ ልጅ የለም።

ብዙዬ ከምንጩ በኩል እንስራ አዝላ ብቅ አለች። ስታያቸው ፊቷ ፈካ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። እሷም ጆሮዋን ጥላ ነበር።

«አሁን... አሁን ነው የወረድኩት» አለች። «እያለቀሰች ነው የተውኳት። ውሃ ልቅዳ ብዬ...»

«ሰው መጥቶ ነበር?»

«ማን ይመጣል?»

«ብዙዬ፣ ሰው አየሽ?»

እንስራዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«መንገዱ ላይ ስወርድ፣ የአንድ ሰው ጀርባ በግንዱ በኩል ሲዞር አየሁ። እርስዎ መሰሉኝ። ተመለሱልኝ ብዬ... ደስ ብሎኝ ነው የወረድኩት።»

ቄስ ክንፈ ስልቻውን እንደተሸከሙ በሩን ገፉ።

ባፈና ነቅታለች።

የጎጆው ወለል መሐል ላይ፣ ከምሰሶውም ከግድግዳውም ርቃ ተቀምጣለች። ጠዋት ዓይኗን መግለጥ ያቃታት ልጅ ዓይኗ ጥርት ብሏል። ወደ ጉንጯ ደም ተመልሷል። ሆዷ ሞላ ብሏል።

ከንፈሯ ዙሪያ ሽሮ አለ።

በዚያ ቤት ሽሮ ከተበላ ወራት አልፏል። ብዙዬ ጮኸች። ልጇ ላይ ወደቀች፣ ሳመቻት፣ አገላበጠቻት፣ ሳቀች፣ አለቀሰች።

«ተርፋልኛለች! ልጄ ተርፋልኛለች!»

ባፈና እናቷን አቀፈቻት። ከዚያ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አባቷን አየች።

ፈገግ አላለችም። አልፈራችም። እንግዳን እንደሚያይ ልጅ አየቻቸው።

ከእናቷ እቅፍ ወጣች። በእነዚያ ቀጫጭን እግሮቿ እየተንቀጠቀጠች ብድግ አለች።

«ኖር፣ አባ» አለች።

ቤት ሰው ሲገባ ለታላቅ ተነሥቶ ኖር ማለትን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትለው ነበር። ለእሳቸው ግን ብላ አታውቅም። ለእሳቸው ሮጣ እግራቸው ላይ ነበር የምትጠመጠመው።

«ባፈና» አሉ። «እኔ ነኝ።»

«ኖር፣ አባ።»

«አባትሽ ናቸው እኮ!» አለች ብዙዬ። «ምን ሁነሻል? አባትሽ!»

«ቀስ በይ እማዬ» አለች ባፈና በሹክሹክታ። «አባዬ ደክሞታል። ሩቅ አገር ነው የፈለገኝ።»

ብዙዬ ዞር ዞር ብላ ጎጆውን አየች። ከሦስቱ በቀር ሰው የለም።

ቄስ ክንፈ ስልቻውን ከትከሻቸው አወረዱ። ገብሱ መሬት ላይ ዱብ አለ። ማልቀስ ፈለጉ... ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አጥብቀው ፈለጉት። እንባው አልመጣም።

ባፈና ገና ቆማለች። ኖር የተባለ ሰው «በእግዚአብሔር» ካላለ የተነሣው ሰው አይቀመጥም። እሱንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጉልበቷ ይርገፈገፋል። አሁን አሁን ልትወድቅ ነው።

እንግዳ ነኝ ካላሉ ልጃቸው አትቀመጥም።

ነፍስ መዝራቷን አዩ፣ ወደ ጉንጯ የተመለሰውን ደም አዩ። ከዚያ የሚንቀጠቀጠውን እግሯን አዩ።

«በእግዚአብሔር» አሉ ቄስ ክንፈ። ድምፃቸው የራሳቸው አልመሰላቸውም። «ተቀመጪ፣ ልጄ።»

ባፈና ደስ ብሏት ተቀመጠች።

እግሮቿን ዘረጋች። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ እፎይ ብላ ወደ ኋላዋ ተደገፈች።

ከኋላዋ ግድግዳ አልነበረም።

አልወደቀችም።